ጆሮ ሲጮኽ ምኑ ይታከማል?

ጃክ ቨርነን በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ የመስማትን ሥርዓት የሚያጠና ተመራማሪ ነበር። በ1970ዎቹ ቻርልስ ዩኒስ የተባለ የካሊፎርኒያ ሐኪም እንግዳ ሆኖ መጣበት። ዩኒስን ያመጣው የገዛ ሕመሙ ነው፤ ጆሮው ሌት ተቀን ይጮኽበታል። ሁለቱ ሰዎች በከተማዋ መሐል በእግራቸው ሲያልፉ ላቭጆይ ወደሚባለው ፏፏቴ ደረሱ። ውሃው በሰፋፊ የሲሚንቶ ደረጃዎች ላይ እየተንደረደረ የሚወርድበት አደባባይ ነው። እንግዳው እዚያ ቆመ፤ ቢጠብቁትም ከቦታው አልነቃነቅ አለ። ውሃው አጠገብ ሲሆን የጆሮው ጩኸት አይሰማውም ነበር።

ቨርነን ያን ቀን ያየውን አልረሳውም። ፏፏቴን ተሸክሞ መዞር አይቻልም፤ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠልና የማያቋርጥ ሹ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ ግን መሥራት ይቻላል። በዚህ ሐሳብ የተጀመረው ሥራ «ሸፋኝ» የሚባሉትን መሣሪያዎች ወለደ። ቨርነን ለታካሚዎቹ የሚሰጠው ቀላል መፈተኛም ነበረው፦ የቧንቧ ውሃ ሙሉ በሙሉ ክፈትና አጠገቡ ቁም፤ የጆሮህ ጩኸት ከጠፋ መሣሪያው ሳይጠቅምህ አይቀርም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ ግን ከቨርነንም በፊት ነበረ። ዣን ማርክ ጋስፓር ኢታር የተባለው ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም በ1821 ባሳተመው የጆሮ በሽታዎች መጽሐፍ፣ ጆሯቸው የሚጮኽባቸው ሰዎች ምድጃ አጠገብ እንዲቀመጡ ይመክር ነበር፤ የእሳቱ መንጣጣት የውስጡን ድምፅ እንዲሸፍንላቸው። ድምፅን በድምፅ መመከት ማለት ነው። ለማንኛውም ሰው ቀድሞ የሚመጣለት መላ ይኸው ነው።

ከቨርነን ወዲህ ባሉት ዐሥርት ዓመታት ሕክምናው ሁለት መንገድ ያዘ። አንዱ በጆሮ በኩል ይገባል፦ ሸፋኝ መሣሪያ፣ የመስሚያ መርጃ፣ የዝናብና የባሕር ድምፅ የሚያሰማ የስልክ መተግበሪያ። ሌላው በአእምሮ በኩል ይገባል፦ ንግግር፣ ልምምድ፣ ፍርሃትን ፊት ለፊት መግጠም። የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ዛሬ በሚገባ በተደራጁ ጥናቶች ተፈትኗል። መልሱን ማወቅ የሚገባው ሕመምተኛው ብቻ አይደለም። «ጆሮዬ ይጮኻል» የሚል ሰው ፊቱ የተቀመጠ ሐኪም ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ምክንያቱም ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖሩ እጅግ ብዙ ሰዎች ከሐኪም የሰሙት የመጨረሻ ቃል «ምንም አይደረግለትም፤ ልመደው» የሚል ነው። ይህ አባባል ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው፤ ለምን ጎጂ እንደሆነ በኋላ እንመጣበታለን።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

ሕክምናው ቲኒተስ ይለዋል። ውጭ ምንም ሳይኖር የሚሰማ ድምፅ ነው፤ አንዱ ጋ ጭው ይላል፣ ሌላው ጋ እንደ ፌንጣ ይጮኻል፣ ሦስተኛው ጋ ያጉረመርማል ወይም ይነፍሳል። ቃል የሚናገር፣ ትእዛዝ የሚሰጥ ድምፅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን መለየቱ ብቻውን ብዙ ሰው ያሳርፋል፤ «አእምሮዬ ሊነካ ነው» እያለ ለዘመድ እንኳ ሳይናገር የሚኖር አለና።

በ2022 ጃማ ኒዩሮሎጂ በተባለው መጽሔት የወጣ ሰፊ ግምገማ፣ በዓለም ከ740 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች ይህን ድምፅ እንደሚሰሙና ከ120 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት እንደ ከባድ ችግር እንደሚያዩት ገምቷል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ትልቅ ነገር ይናገራል፤ ድምፁን የሚሰማው ሁሉ አይሰቃይበትም።

መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የውስጠኛው ጆሮ ጉዳት ነው። ኮክሊያ በሚባለው ጥምዝምዝ አካል ውስጥ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ፤ የድምፅን ሞገድ ወደ ነርቭ ምልክት የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ከሞቱ አይተኩም። የሚገድላቸው ኃይለኛ ድምፅ፣ ዕድሜ፣ አንዳንዴም መድኃኒት ነው። ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን፣ መድኃኒት ለተለማመደ ቲቢ ለዓመታት በመርፌ ሲሰጥ የነበረው ካናማይሲን፣ ሁሉም ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ። ኪኒንና ብዛት ያለው አስፕሪንም ጆሮን ጭው ያሰኛሉ፤ የእነዚህ ግን መድኃኒቱ ሲቆም ብዙ ጊዜ አብሮ ይቆማል። ከጆሮ የሚመጣው ምልክት ሲሳሳበት አንጎል ዝም ብሎ አይቀመጥም። የጎደለውን ለማካካስ ራሱን ያነቃል፤ በዚህ መሐል የራሱ የነርቭ እንቅስቃሴ እንደ ድምፅ ይሰማዋል። ለዚህ ማስረጃው፣ በዕጢ ምክንያት የመስማት ነርቫቸው በቀዶ ሕክምና የተቆረጠባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ጩኸቱን መስማታቸውን አለማቆማቸው ነው። ጆሮው ከአንጎል ተለያይቷል፤ ድምፁ ግን አለ።

በ1953 ሄለርና በርግማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ደግሞ ጤናማ የመስማት ችሎታ ያላቸውን 80 አዋቂዎች አንድ በአንድ ድምፅ ወደማያስገባ ክፍል አስገቡ። የሚሰሙትን እንዲናገሩ ብቻ ነበር የተጠየቁት። 94 በመቶዎቹ ውጭ የሌለ ድምፅ ሰማን አሉ። ፍጹም ፀጥታ ውስጥ ከተቀመጠ ማንም ሰው ማለት ይቻላል የገዛ ሰውነቱን የነርቭ ሥራ ይሰማል፤ ከክፍሉ ሲወጣ ይረሳዋል። የቲኒተስ ሕመምተኛ የማይችለው ይህን መርሳት ነው።

ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። ባለሙያዎች የሕመምተኛውን ጩኸት ከውጭ ከሚሰጡት ድምፅ ጋር እያስተያዩ መጠኑን ሲለኩት፣ ብዙ ጊዜ ሰውየው ሊሰማ ከሚችለው ዝቅተኛ ድምፅ በጥቂት ዴሲቤል ብቻ የሚበልጥ ሆኖ ይገኛል። ከዚያም በላይ፣ የድምፁ መጠን የስቃዩን መጠን አይነግርም። አንድ ዓይነት ልኬት ካላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ሥራውን ይሠራል፣ ሌላው እንቅልፍ አጥቶ ያነጋል። ስለዚህ ነው የዘርፉ ጥናቶች ሁሉ ድምፁን ትተው ሰውየውን በመጠይቅ የሚለኩት። በብዛት የሚሠራበት መጠይቅ በ1996 የታተመ ባለ 25 ጥያቄ ሲሆን ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ነው፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ትኩረት፣ ስለ ቁጣ፣ ስለ ተስፋ መቁረጥ ይጠይቃል። የ7 ነጥብ መቀነስ ለሕመምተኛው የሚታወቅ መሻሻል ተደርጎ ይወሰዳል። ይህን መለኪያ ልብ እንበል፤ ከዚህ በታች በነጥብ የሚጠቀሱት ውጤቶች በእሱ ነው የሚመዘኑት።

መሸፈን ወይስ መቀላቀል?

የቨርነን ሸፋኝ ለብዙዎች ፈጣን እፎይታ ሰጥቷል። አንዳንዱ መሣሪያውን ካወለቀም በኋላ ጩኸቱ ለሰከንዶች፣ አልፎም ለደቂቃዎች ጠፍቶ ይቆይለታል። ቀኑን ሙሉ ግን ትልቅ ድምፅ ተሸክሞ መዋል ሌላ ድካም ነው፤ ሲወልቅም የቀደመው ይመለሳል።

በ1990 ፓወል ያስትሬቦፍ የተባለ ትውልደ ፖላንድ ሳይንቲስት ነገሩን ገልብጦ አየው። ችግሩ ድምፁ አይደለም አለ፤ ችግሩ አንጎል ድምፁን እንደ አደጋ ምልክት መመዝገቡ ነው። ስሜትንና ድንጋጤን የሚመሩት የአንጎል ክፍሎች አንዴ ከተያያዙበት፣ ድምፁ በተሰማ ቁጥር ሰውነት ለሽሽት ይዘጋጃል፤ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። መላው እንግዲህ ይህን ማያያዣ ማላላት ነው። ያስትሬቦፍ ለንደን ካለው ሐኪም ጆናታን ሄዝል ጋር ሆኖ ያዳበረው ሕክምና ሁለት ክፍል አለው፦ ነገሩን በደንብ የሚያስረዳ ምክር፣ ከዚያም ዝቅ ያለ የማያቋርጥ ድምፅ። ድምፁ ጩኸቱን እንዲሸፍን አይፈለግም፤ አብሮት እንዲሰማ ነው የሚፈለገው፤ አንጎል የማይሰማውን ነገር ሊለምድ አይችልምና። ጧፍ በጨለማ ቤት ውስጥ ዓይን ሁሉ ይስባል፣ መስኮቱ ሲከፈት ግን እየነደደም ልብ የሚለው የለም። የድምፅ ሕክምናው ሐሳብ መስኮቱን መክፈት ነው።

ሐሳቡ ያማረ ስለነበር በብዙ አገሮች ክሊኒኮች ተቀበሉት። መሣሪያዎቹ ተሸጡ። ጥብቅ ፈተና የመጣው ግን ዘግይቶ ነው።

በ2019 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ጥናት በዚህ ሕክምና ላይ ከተደረጉት ሁሉ ጥንቃቄ የበዛበት ይመስለኛል። የተካሄደው በወታደራዊ ሆስፒታሎች ነው፤ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ዘንድ ከአገልግሎት ጋር በተያያዘ ጉዳት ካሳ ከሚያስገኙ ሕመሞች ቲኒተስ ቁጥር አንድ ነውና ቦታው በከንቱ አልተመረጠም። 151 ሰዎች በዕጣ በሦስት ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን የያስትሬቦፍን ምክርና እውነተኛውን ድምፅ አመንጪ አገኘ። ሁለተኛው ያንኑ ምክር አገኘ፤ መሣሪያው ግን ድምፁ ቀስ በቀስ እየከሰመ የሚጠፋ የማስመሰያ መሣሪያ ነበር። ሦስተኛው ቡድን መሣሪያ አልተሰጠውም፤ ሆስፒታሎቹ የሚሰጡትን በሚገባ የተዘጋጀ መደበኛ ምክር ብቻ አገኘ። ለአንድ ዓመት ተኩል ተከታተሏቸው።

ሦስቱም ቡድኖች ተሻላቸው፤ በየቡድኑ ግማሽ ያህሉ ሰው ትርጉም ያለው ለውጥ አሳየ። በመካከላቸው ግን ልዩነት አልተገኘም።

ይህን ውጤት ብዙዎች «ሕክምናው አይሠራም» ብለው አነበቡት። እኔ የማነበው በሌላ መንገድ ነው። ግማሹ ሰው የተሻለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጊዜም የራሱን ሳያደርግ አልቀረም። የሦስቱንም ቡድኖች ሕክምና የሚያመሳስለው ግን ድምፁ አልነበረም፤ አንድ ባለሙያ ተቀምጦ፣ ጊዜ ወስዶ፣ ጆሮህ ውስጥ እየሆነ ያለው ይህ ነው ብሎ ማስረዳቱ ነው። መሣሪያው በዚያ ላይ የጨመረው ነገር ሊታይ አልቻለም።

ኮክሬን የተባለው ገለልተኛ የጥናት ገምጋሚ ቡድንም በ2018 ተመሳሳይ ነገር ብሏል። 590 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 8 ጥናቶች መርምሮ፣ የመስሚያ መርጃም ሆነ ድምፅ አመንጪ ሕክምና ሳያገኙ ተራ ከመጠበቅ ወይም ከማስመሰያ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ይህ ማለት ግን ድምፅ ማንንም አይጠቅምም ማለት አይደለም። በተለይ የመስማት ችሎታው የቀነሰ ሰው የመስሚያ መርጃ ያስፈልገዋል፤ ልጁ የሚለውን፣ ደንበኛው የሚጠይቀውን መስማቱ ብቻውን የቀን ውጥረቱን ይቀንስለታል፣ አንጎልም የጎደለበትን ምልክት ያገኛል። የጆሮ ጩኸት ያለበት ሰው ሁሉ የመስማት ምርመራ ሊደረግለት የሚገባውም ለዚህ ነው።

ከድምፁ ጋር መቀመጥ

የሥነ ልቦና ሕክምናው ክፍል ውስጥ ማሽን የለም። የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ይባላል፤ ባለሙያዎች በአጭሩ ሲቢቲ ይሉታል። አንድ የተለመደ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል። ሕመምተኛው የሳምንቱን ማስታወሻ ይዞ ይመጣል፤ ድምፁ መቼ እንደበረታበት፣ ያኔ ምን እያደረገ እንደነበር፣ በልቡ ምን እንዳለፈ ጽፏል። ባለሙያዋ ትጠይቃለች፦ «ሌሊቱን ድምፁ ሲያይልብዎ ምን አሰቡ?» «ነገ ሥራ ላይ አልቆምም ብዬ።» «ከዚያስ?» «ከዚያማ እንቅልፉም ሄደ።» «በማግስቱ ሥራ ላይ ምን ሆኑ?» ሰውየው ያስባል። ደክሞት ነበር፤ ግን ሠርቷል።

ከዚህ ተነሥተው ሐሳቡን ይመረምሩታል። «ይህ ድምፅ ሕይወቴን ጨረሰው» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት ነው ወይስ ሌሊት የሚያመጣው ፍርሃት? ሰውየው በድምፁ ምክንያት ምን ምን ተወ? ሰርግ መሄድ፣ መጽሐፍ ማንበብ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መቀመጥ? ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው ድምፁ አለ ወይ ብሎ ማዳመጥ ነው? የተወውን ቀስ በቀስ ይመልሳል፣ ማዳመጡን ይተዋል፣ የእንቅልፍ ሰዓቱን ያስተካክላል፣ ሰውነቱን ማፍታታት ይለማመዳል።

ከዚያ ከባዱ ይመጣል። ፀጥታን የሚሸሸው ሰው፣ ሬዲዮ ሳይከፍት የማይተኛው፣ ሆን ብሎ ዝምታ ውስጥ ተቀምጦ የገዛ ጩኸቱን እንዲሰማ ይደረጋል። መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ፣ በኋላ ለረዘመ። የሚፈራው ነገር አይመጣም። ድምፁ አለ፣ እሱም አለ፤ ልቡ ቀስ እያለ ይረጋጋል። አንጎል አደጋ የሌለው መሆኑን የሚማረው በምክር ብቻ ሳይሆን እንዲህ አብሮ በመቆየት ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱ መንገዶች ፊት ለፊት ይጋጫሉ። የድምፅ ሕክምና ፀጥታን ሽሽ ይላል፤ ይህኛው ፀጥታ ውስጥ ግባ ይላል። በለንደን ለዓመታት የቲኒተስ ሕመምተኞችን ያከመው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሎረንስ ማኬና ከባልደረቦቹ ጋር በ2014 ባወጣው ሞዴል እንዳስረዳው፣ ሰው ራሱን ለመከላከል የሚያደርጋቸው ነገሮች ፍርሃቱን ሊያቆዩበት ይችላሉ። ድምፅ መክፈትም ከነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ «ሬዲዮው ባይኖር አብጄ ነበር» የሚል ሰው ሬዲዮው ሳይኖር ምን እንደሚሆን አይቶ አያውቅም። ያው የዝናብ ድምፅ ለአንዱ የሚያሳርፍ ጓደኛ ነው፣ ለሌላው ከፍርሃቱ የማያስወጣ ክራንች። መሣሪያው አንድ ነው፤ የሚለየው ሰውየው ለምን እንደሚከፍተው ነው። ይህን ሳይጠይቅ ድምፅ አመንጪ የሚያዝ ሐኪም ግማሹን ሥራ ትቷል ብዬ አምናለሁ።

ማስረጃውስ? በኔዘርላንድስ ሪላና ሲማና ባልደረቦቿ በ2012 በላንሴት ያወጡት ጥናት 492 አዋቂዎችን አሳትፏል። ግማሾቹ በአገሩ የተለመደውን ሕክምና አገኙ፤ የጆሮ ምርመራ፣ የሚያስፈልገው ሰው የመስሚያ መርጃና ሸፋኝ ጭምር። የቀሩት ሲቢቲ ዋና ምሰሶው የሆነበትና ከያስትሬቦፍ ሕክምናም የወሰደ፣ እንደ ሕመሙ ክብደት በደረጃ የሚሄድ ሕክምና ተሰጣቸው። ከ12 ወር በኋላ የሁለተኛው ቡድን ሰዎች በኑሮ ጥራትም፣ በቲኒተሱ ክብደትም፣ በዕለት ሥራቸውም የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ከባድ ለሆነባቸውም ቀለል ላለባቸውም ጠቅሟል።

ሁለቱን መንገዶች ቀጥታ ያፎካከረ ጥናት የመጣው ከስዊድን ነው። በ2011 የታተመው ይህ ጥናት የመስማት ችሎታቸው ደህና የሆነ 64 ሕመምተኞችን ይዟል። ለአንዱ ወገን የያስትሬቦፍ ሕክምና ተሰጠ፤ ለሌላው ደግሞ ከሲቢቲ ቤተሰብ የሆነ፣ ድምፁን ለማጥፋት መታገልን ትቶ ለሚወዱት ሕይወት መኖርን የሚያሠለጥን ሕክምና። ከስድስት ወር በኋላ ከሁለተኛው ወገን ከግማሽ በላዩ በእርግጠኝነት ተሻለው፤ ከመጀመሪያው ወገን አንድ አምስተኛው ብቻ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ የንግግሩ ሕክምና በየሳምንቱ የሚደረግ ስለነበር ሰዎቹ ከባለሙያ ጋር ያሳለፉት ጊዜ እጅግ ይበልጣል። በለንደን ማኬናና ባልደረቦቹ በ2017 ያወጡት ጥናት ይህን ጥርጣሬ በመጠኑ ይመልሳል፤ 75 ሰዎች እኩል ሳምንታት ተሰጥቷቸው፣ አሁን ባለው ቅጽበት ላይ ማረፍን የተማሩት ሰውነት ማፍታታትን ብቻ ከተማሩት የበለጠ ተሻላቸው፤ ሁለቱም ወገኖች ግን ተጠቅመዋል።

ኮክሬን በ2020 ስለ ሲቢቲ 2,733 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 28 ጥናቶች ሲገመግም፣ ተራ ከሚጠብቁት ጋር ሲነጻጸር በዚያ ባለ 100 ነጥብ መለኪያ ወደ 11 ነጥብ ያህል መቀነስ አገኘ። ከጆሮ ባለሙያ ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ ወደ 6 ነጥብ ወረደ፤ ከ7ቱ መስፈሪያ በታች ነው። ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላ ስለሚሆነው ያለው ማስረጃም ስስ ነው። ሲቢቲ ድምፁን አይቀንሰውም፤ ሁሉንም ሰው አያድንም። ነገር ግን በዚህ ሕመም ላይ ካሉት ሕክምናዎች ሁሉ የተሻለው ማስረጃ ያለው እሱ ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳቱም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የአሜሪካ ከአንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 መመሪያው ሲቢቲን «ይመከር» ሲል የድምፅ ሕክምናን «ሊሰጥ ይችላል» በሚል ደረጃ ያስቀመጠውም ለዚህ ነው። ይኸው መመሪያ ለቲኒተስ ተብለው የሚሸጡትን የጊንኮ ቅጠል እንክብሎች አይመክርም። ቲኒተስን የሚያጠፋ የተረጋገጠ መድኃኒት እስካሁን የለም።

ሁለቱን ቢያጣምሩትስ?

ይህን የሚመልስ ትልቅ ጥናት በ2025 ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ ላይ ወጣ። በአቴንስ፣ በበርሊን፣ በግራናዳ፣ በሌቨንና በሬገንስበርግ 461 ሕመምተኞች በዕጣ ተመድበው ለ12 ሳምንታት ከአራት ሕክምናዎች አንዱን ወይም ሁለቱን አገኙ፦ ሲቢቲ፣ የመስሚያ መርጃ፣ የድምፅ ሕክምናና የተዋቀረ ምክር። አንድ ብቻ ያገኙት በአማካይ 11.7 ነጥብ፣ ሁለት ያገኙት 14.9 ነጥብ ቀነሰላቸው።

ለችኩል አንባቢ «ማጣመር ይሻላል» የሚል ነው የሚመስለው። ዝርዝሩ ግን የተለየ ነገር ይዟል። ሲቢቲ ለብቻውም፣ የመስሚያ መርጃ ለብቻውም ትልቅ ለውጥ አምጥተዋል፤ በላያቸው ሌላ ቢጨመርም ብዙ አልጨመረላቸውም። የማጣመሩ ጥቅም የታየው ደካማው ሕክምና ከጠንካራው ጋር ሲያያዝ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ፊቱ ለተቀመጠው ሰው ትክክለኛውን ከመረጠ አንድ ይበቃል፤ ካላወቀ ሁለት መስጠቱ ከስሕተት ይጠብቀዋል።

በዚህ መሐል አዳዲስ መሣሪያዎች መምጣታቸው አልቀረም። በአየርላንድ የተሠራውና ድምፅን ከምላስ ላይ ስስ የኤሌክትሪክ ንዝረት ጋር የሚያጣምረው ሌኒር በ2023 ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አግኝቷል። ዋጋው ግን ለአብዛኛው ሰው የሚቀመስ አይደለም።

እኛ ዘንድ

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ወይም ለባሕር ዳር ሕመምተኛ ምን ይፈይድለታል? ጆሮ የሚጎዳ ነገር ሞልቶናል። ወፍጮ ቤት ዕድሜውን የጨረሰ፣ ብረታ ብረት ቤት ያለ መከላከያ የሚሠራ፣ የሙዚቃ ባለሙያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጦር ሜዳ የተመለሰ። ከአንገት በላይ ሐኪም ማግኘት ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ ከባድ ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማግኘት ከዚያም ይከብዳል። ብዙው ሰው ጠበል ይሄዳል፣ ዱዓ ያስደርጋል፣ ዘይት ጆሮው ውስጥ ያንጠባጥባል። ጸሎቱ ልብን ያሳርፋል፤ ያ ደግሞ በዚህ ሕመም ትንሽ ነገር አይደለም። ዘይቱ ግን የተቀደደ የጆሮ ታምቡር ካለ ጉዳት ያመጣል።

አንዳንዱ ምልክት ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም። መስማት በድንገት ከጠፋ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ከልብ ምት ጋር የሚመታ ከሆነ ወይም ከማዞር ጋር ከመጣም መመርመር አለበት። ተራ የጆሮ ኩክ ሆኖ ተጠርጎ የሚለቅም አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በመሣሪያ እጦት ማሳበብ አይቻልም። «ምንም አይደረግለትም» የሚለው ቃል ጎጂ ነው ያልኩት ለዚህ ነው፤ ሕመሙን የሚያከብደው ፍርሃቱ ሆኖ ሳለ፣ ይህ ቃል ሐኪሙ በገዛ አፉ ፍርሃቱን ሲያጸድቅ ነው። የአሜሪካው ወታደራዊ ጥናት ያሳየን ውድ መሣሪያ ሳይኖር በተዘጋጀ ምክር ብቻ ግማሹ ሰው እንደተሻለው ነው። በአማርኛ የሚያስረዳ የግማሽ ሰዓት ንግግር ዶላር አይጠይቅም፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ፣ አደገኛ አለመሆኑን፣ አንጎል ሊለምደው እንደሚችል፣ በማታ ምን እንደሚደረግ። ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ልትማረው ትችላለች።

የስዊድን ተመራማሪዎች ገና በ2002 ሲቢቲን በኢንተርኔት ሰጥተው ሞክረዋል። በፖርትላንድ፣ ቨርነን በሠራባት በዚያችው ከተማ፣ ለቀድሞ ወታደሮች የተዘጋጀው በደረጃ የሚሄድ ሕክምና ደግሞ ሥልጠናውንና ሲቢቲውን በስልክ አድርሶ ተፈትኗል፤ ተራ ከሚጠብቁት ይልቅ በስልክ የታከሙት ተሻላቸው። የፖርትላንዱ ሥራ የጠየቀው የሠለጠነ ባለሙያ፣ የተጻፈ መመሪያ ደብተርና የስልክ መስመር ነው። ለደሴው ሕመምተኛም፣ ቋንቋው በማይሰማበት ክሊኒክ ለሚቀመጠው የዋሺንግተን ታክሲ ነጂም፣ በቤይሩት ሰው ቤት ለምትሠራው እኅትም እነዚህ ሦስቱ በአማርኛ ሊዘጋጁ ይችላሉ። ሥራው የሚጀምረው ከመመሪያ ደብተሩ ነው፤ ለዚያም አንድ ከአንገት በላይ ሐኪምና አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ አብረው መቀመጣቸው ይበቃል።